ገልብጠው ይዩት፦ የልጅዎ መጫወቻ መኪና ለምን ቶሎ ይሰበራል?

ለመኪናው የፍሬን ሸራ ሊገዛ ሶማሌ ተራ የሚሄድ አባወራ ብቻውን አይሄድም፤ መካኒኩን ይዞ ነው። ዕቃውን ተቀብሎ ያገላብጣል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ በጥፍሩ ጫር ያደርገዋል፣ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ያስተያየዋል። «ኦሪጅናል ነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ መልሱ ካልጣመው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሻገራል። ያው ሰው በዚያው ቀን፣ እዚያው መርካቶ፣ ለልጁ መጫወቻ መኪና ሲገዛ ግን ሦስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ቀዩ ይሻላል ሰማያዊው? መብራቱ ይበራል? ሙዚቃ አለው? መጨረሻው ስንት ነው? በቃ፣ በፌስታል ተደርጎ ወደ ቤት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ እርስዎም ቤት ያዩት ይመስለኛል። የበዓሉ ዶሮ ሳያልቅ አንዱ ጎማ ሶፋ ሥር ይገኛል። በማግስቱ ሪሞቱ ይሠራል፣ መኪናው ግን ቆሞ ይጮኻል። በሦስተኛው ቀን በሩ ተገንጥሎ በልጁ ኪስ ውስጥ ነው። እኛም ያለምንም ምርመራ ፍርድ እንሰጣለን፦ «አንተ ልጅ፣ ዕቃ አይበረክትልህም!»

ብዙ ጊዜ ግን ልጁ አልሰበረውም። መኪናው ሱቅ ውስጥ እያለም ሊሰበር የተዘጋጀ ነበር። ጎማውን የያዘው ከጥርስ መፋቂያ የማይሻል የፕላስቲክ ጫፍ ነበር፤ ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘው ጥርስ ተሰንጥቆ ነበር፤ በሩ የተያያዘው በሁለት ጠብታ ማጣበቂያ ነበር። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ፋብሪካ ውስጥ ለተሠራ ጥፋት ሲገሰጽ እውነቱን የሚያስረዳበት ቃል የለውም። ወላጅ ዕቃውን ማወቅ ያለበት ከገንዘቡ በፊት ለዚህ ሲል ነው።

ገንዘቡም ቢሆን ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቅሏል፤ መጫወቻም ከዚያ አላመለጠም። «ይሰበር፣ ሌላ እንገዛለን» የሚባልበት ጊዜ አልፏል።

ጥሩው ነገር፣ የመጫወቻ መኪና ጥራት የተደበቀ ምስጢር አለመሆኑ ነው። ሻጩ የሚያሳየን ላዩን ነው፦ ቀለሙን፣ መብራቱን፣ በካርቶኑ ላይ ያለውን እሳት የሚተፋ ሥዕል። ዕድሜው የሚወሰነው ግን ከሥሩ ነው። ስለዚህ ገልብጠው ይዩት።

ሆዱ ምን ይናገራል

መጀመሪያ ብሎን ይፈልጉ። የመኪናው ሆድ ከላዩ ጋር የተገናኘው በትንንሽ ብሎኖች ከሆነ ያ መኪና ሊከፈት ይችላል፤ ሊከፈት የሚችል መኪና ደግሞ ሊጠገን ይችላል። ብሎን ከሌለና ዳር ዳሩ በማጣበቂያ ወይም ፕላስቲኩን በማቅለጥ የተዘጋ ከሆነ፣ ውስጡ ያለች አንዲት ሽቦ ስትላቀቅ መኪናው አለቀለት ማለት ነው። ለመክፈት ቢሞክሩ ይሰነጠቃል። እኔ በበኩሌ ሁለት መኪና ቀርቦልኝ አንዱ የሚያምር ግን የተጣበቀ፣ ሌላው ተራ ግን ባለ ብሎን ቢሆን፣ ባለ ብሎኑን ለመምረጥ አላመነታም።

ቀጥሎ ጎማው። (መቼም የዚህ ሰፈር ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ ነው፤ መርካቶ ራሱ «ገበያ» ማለት ነው፤ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ሞላው፣ ካቻቪቴው ሁሉ ከዚያው የመጡ ናቸው።) ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ ከብረት ነው ከፕላስቲክ? የብረት ዘንግ ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው በመኪናው ሆድ ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ አንዱን ጎማ ሲያዞሩት ሌላውም አብሮ ይዞራል፣ ወይም ቢያንስ የብረቱ ጫፍ በጎማው መሐል ይታያል። ርካሾቹ ላይ ግን እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው በአጭር የፕላስቲክ እሾህ ተሰክቶ ነው የሚቆመው። ልጅ መኪናውን ከላይ ተጭኖ ሲገፋ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው በዚያ እሾህ ላይ ነው። ሶፋ ሥር የሚገኘው ጎማ ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን መኪናውን በሱቁ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና በቀስታ ይግፉት። መስታወት አይዋሽም፤ ፍጹም ሜዳ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ወደ አንድ ጎን ከተጎተተ ዘንጉ ጠማማ ነው። እየዘለለ ከሄደ ጎማው ክብ አይደለም። አራቱም ጎማ መስታወቱን መንካቱን ጎንበስ ብለው ይዩ፤ አንዱ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ሆዱ ተጣሟል ማለት ነው። ሻጩ ቢስቅብዎ ይሳቅ። ሶማሌ ተራ ማንም አይስቅብዎትም ነበር።

ፕላስቲኩን ደግሞ በአውራ ጣትዎ ጫን ያድርጉት። ጥሩ ፕላስቲክ ትንሽ ተለምጦ ይመለሳል። መጥፎው ወይ ጨርሶ አይለመጥም፣ ወይ ሲለመጥ ነጭ መስመር ያወጣል፤ ያ ነጭ መስመር የስንጥቅ መጀመሪያ ነው። ከሱቅ በር ላይ ለማሳያ ተሰቅሎ የከረመውን ሳይሆን ከውስጥ ያለውን እንዲያወጡልዎ ይጠይቁ። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከፍታው ላይ በርትታ ነው የምትወርደው፤ ወራት ሙሉ በሯ ላይ የተንጠለጠለ ፕላስቲክ ቀለሙ ደብዝዞ፣ ራሱም እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰባሪ ሆኖ ይቆያል።

ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም

ይህ በጣም የተለመደው ብልሽት ነው፤ በጣም ደግሞ የሚያናድደው። ባትሪው አዲስ ነው፣ መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ እንደ ንብ ያጉረመርማል፣ ጎማው ግን ፈዝዞ ቆሟል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንዲት ከሽምብራ ፍሬ የማትበልጥ ጥርሳም የፕላስቲክ ቁራጭ ናት። ከሞተሩ በሚወጣው ቀጭን ብረት ላይ ተጭና ትቀመጣለች፤ ከማንም ጋር አልተጣበቀችም፣ የያዛት ጥበቷ ብቻ ነው። ፕላስቲኩ መናኛ ሲሆን ወይም ቀዳዳው በመጠኑ ሳይሠራ ሲቀር፣ ጊዜ ሲያልፍ ትሰነጠቃለች። ከዚያ ብረቱ በውስጧ ለብቻው ይሽከረከራል፣ እሷ ትቆማለች።

ሊያውቁት የሚገባው ነገር፣ ይህ ስንጥቅ ልጁ ባይነካውም የሚመጣ መሆኑን ነው። በሳጥን ውስጥ የተቀመጠ መኪናም ያገኘዋል። መኪናው ባለ ብሎን ከሆነ መፍትሔው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ተመሳሳይ ጥርስ ከሌላ የተበላሸ መጫወቻ አውጥቶ መተካት። ሞተሩም ቢሆን እንደዚያው ነው። በብዙ መጫወቻዎች ውስጥ ያለው «130» ተብሎ የሚጠራው መጠን ያለው ትንሽ ሞተር ነው፤ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሞተ መኪና አይጣሉ። ሁለት የሞቱ መኪናዎች አንድ በሕይወት ያለ መኪና ይወጣቸዋል፤ ከልጅዎ ጋር ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛ ከበው ሲሠሩት ደግሞ ከተገዛበት ቀን የበለጠ ይደሰትበታል።

ሁለተኛው ችግር ባትሪው የሚቀመጥበት ቤት ነው። ክዳኑን ከፍተው ሞላዎቹን ይዩ። ሞላው ጠንካራ ሆኖ ሲጫኑት መመለስ አለበት። ሱቅ ውስጥ እያለ የዛገ ወይም አረንጓዴ የጀመረው ከሆነ ይመልሱት። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ጥፋቱ የእኛ ይሆናል፦ የባትሪ ድንጋይ ውስጡ ትተን መኪናው ቁም ሣጥን ላይ ለወራት ይቀመጣል። ድንጋዩ ያፈስና ሞላውን ይበላዋል። የአልካላይን ባትሪ ፍሳሽ የሆነውን ነጭ ዱቄት በጥጥ ጫፍ ላይ በተደረገ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ጠርጎ፣ በደንብ ማድረቅ ብዙ ጊዜ መኪናውን ያስነሣዋል። ጓንት ያድርጉ፤ ሥራው የልጁ ሳይሆን የእርስዎ ነው።

ሪሞት ያለው የሚገዙ ከሆነ፣ በተለይ ለሁለት ልጆች፣ ይህቺን ይያዙ። ካርቶኑ ላይ «27 ሜጋ ኸርዝ» የሚል ካለ፣ ሁለት ተመሳሳይ መኪናዎች በአንድ ሪሞት ሊነዱ ይችላሉ። ታላቁ ወደ ፊት ሲል የታናሹም መኪና አብሮ ይነሣል፤ ታናሹ ወደ ግራ ሲል የታላቁ ግድግዳ ይመታል። ቀሪውን ጠብ እርስዎ ይገምቱት። መኪናዎቹ ግን አልተበላሹም፤ ሁለቱም የሚሰሙት አንድ ድምፅ ስለሆነ ነው። «2.4 ጊጋ ኸርዝ» የሚሉት እያንዳንዱ መኪና የራሱን ሪሞት ለይቶ ስለሚያውቅ ይህ ጣጣ የለባቸውም። ወይ እነዚህን ይግዙ፣ ወይ ለሁለቱ ልጆች በተለያየ ሞገድ የሚሠሩ መኪናዎች ይምረጡ።

ውድ ከሆነስ?

«የቻይና ስለሆነ ነው እንጂ የፈረንጁ አይሰበርም» የሚል አባባል አለ። እውነቱ ግን ትንሽ ይለያል። አንደኛ፣ የታወቁት የፈረንጅ ስሞች አብዛኞቹ ዛሬ የሚሠሩት ቻይና ነው፤ ልዩነቱ ያለው በአገሩ ሳይሆን ፋብሪካው ላይ በሚደረገው ቁጥጥር ነው። ሁለተኛ፣ ውድነት ከብልሽት አያድንም።

ከውጭ አገር ዘመድ አንዳንዴ በሻንጣ ይዞት የሚመጣውን ባለ ትራክ የእሽቅድምድም መኪና ይውሰዱ። እንግሊዞቹ ስካሌክስትሪክ የሚሉትን እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ አቀረቡ፤ ጀርመኖቹ በ1963 ካሬራን አስከተሉ። አሠራሩ ደስ ይላል። የትራኩ መሐል ላይ ጠባብ ቦይ አለ፤ በቦዩ ግራና ቀኝ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው ሁለት የብረት መስመሮች ተዘርግተዋል። ከመኪናው አፍንጫ ሥር አንዲት ምላስ ወደ ቦዩ ትገባለች፤ በሷ ጎንና ጎን ያሉ ሁለት የመዳብ ሹሩባዎች መስመሮቹን እየነኩ ኃይል ያቀብላሉ። ከትልቁ መኪና 32 ጊዜ አንሰው የሚሠሩት እነዚህ መኪናዎች ለሰብሳቢዎች ናቸው፤ ዋጋቸው ከተራ መጫወቻ ብዙ እጥፍ ነው።

የእነዚህ መኪናዎች ሰብሳቢዎች ግን ለዓመታት የሚያማርሩት እኛ ሶፋ ሥር የምናገኘውን ነው። ጎማው ክብ አይደለም፤ ስለዚህ አዲሱን መኪና ገዝተው በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱታል። ዘንጉ በቤቱ ውስጥ ይወዛወዛል። ሞተሩ ከማቀፊያው ይላቀቃል። መኪናውን ትራኩ ላይ የሚይዘው ማግኔት ከሥሩ ይወድቃል። መስታወቷና የኋላዋ ክንፍ በመጀመሪያው ግልብጥብጥ ይረግፋሉ፤ ፋብሪካው ለእይታ ሲያሳምር ለሩጫ ማጠንከሩን ትቶታልና። የመዳብ ሹሩባዎቹ ከተተራመሱ ወይም ከቆሸሹ ደግሞ መኪናው እየቆመ ይነሣል። ይህን የመጨረሻውን እርስዎም ያስተካክሉታል፦ ሹሩባዎቹን በጣት ዘርግቶ ማለስለስ፣ ትራኩን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። አቧራ በማይጠፋበት ከተማችን ይህ የየሳምንት ሥራ ነው።

ከአሜሪካ ለሚመጣ ዕቃ ግን ከሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ ቤቶች መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ቻርጀሩ ወይም አስማሚው ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። «100-240» የሚል ካለ ምንም ችግር የለም፣ የሶኬቱን ጫፍ መቀየር ብቻ ነው። «120» ብቻ ካለ አይሰኩት። ሰኩት ማለት የአጎትን ስጦታ በአንዲት ሰከንድ በጭስ መሸኘት ነው፤ የእሳት አደጋም አለው። ኃይል መቀነሻ ትራንስፎርመር ወይም በቮልቱና በአምፔሩ ልክ የሆነ የ220 አስማሚ ያስፈልጋል።

ስለ ውድ መኪና ከተነሣ አይቀር፣ እጅግ የሚገርመኝ የዲንኪ ታሪክ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚንክ ቀልጠው በቅርጽ የተሠሩት የዲንኪ መኪናዎች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ጌጥ የሚታዩ ናቸው። ግን ከመካከላቸው ብዙዎቹ ማንም ሳይነካቸው በመደርደሪያ ላይ ይፈረካከሳሉ። ሲቀልጥ የነበረው ዚንክ ጥቂት እርሳስ ተቀላቅሎበት ስለነበር፣ ከዓመታት በኋላ እርጥበት ሲያገኘው ብረቱ ከውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈርሳል። መድኃኒት የለውም። ልብ ይበሉ፣ ዛሬ በእጅዎ ይዘው «ይሄስ ብረት ነው፣ ከባድ ነው» የሚሉት ትንሽ መኪናም ከዚንክ የተሠራ ነው። ክብደት ብቻውን ምስክር አይሆንም። ከሥሩ የተነፋ፣ ቀለሙ ያለ ምክንያት የተሰነጠቀ ወይም በሩ እየጠበበበት የመጣ ከሆነ ጥርጣሬዎ ልክ ነው።

ከመሰበር የከፋው

እስካሁን ያነሣነው ብልሽት ቢበዛ እንባ ያስከትላል። ሁለት ነገሮች ግን ከዚያ ያልፋሉ።

አንደኛው ቀለሙ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 ማቴል የተባለው የአሜሪካ መጫወቻ አምራች «ካርስ» በተሰኘው ፊልም ውስጥ ያለውን ሳርጅ የተባለ ገጸ ባሕርይ የሚመስሉ 436,000 መኪናዎችን ከገበያ ሰብስቧል፤ ቀለማቸው ውስጥ እርሳስ ከተፈቀደው በላይ ተገኝቶ ነበር። ቀለሙን የቀባው በቻይና ያለ ንዑስ ተቋራጭ ነው። ያን ያህል ስም ያለው ኩባንያ እንዲህ ከተያዘ፣ ስም የሌለው ካርቶን ውስጥ ያለውን ማን ይመሰክርለታል? እዚህ ላይ የምንለው ልጆች የሚጽፉበትን እርሳስ አይደለም፤ ስማቸው አንድ ሆኖ ነው እንጂ ያ ሌላ ነገር ነው። ብረቱ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ መጠን አለው ብሎ አያምንም። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች።

በዓይን ማየት አይቻልም። ነገር ግን በጥፍር ሲጫር የሚላጥ፣ በእርጥብ ሶፍት ሲታሽ ቀለሙን የሚለቅ፣ ጠርዝ ጠርዙ የተቀረፈ መኪና በምንም ምክንያት አሁንም ዕቃ አፉ ውስጥ ለሚከት ሕፃን አይገዛም። ቤት ያለውም ቢሆን እንደዚያ ከሆነ ይወገድ። እናትነት አንዳንዴ ልጁ የሚወደውን መኪና ሌሊት ደብቆ መጣል ነው።

ሁለተኛው ትንሿ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ባትሪ ናት። መብራት ያላቸው ትንንሽ መኪናዎችና ቀጫጭን ሪሞቶች ውስጥ ትገኛለች። ልጅ ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ልታቃጥል ትችላለች። የባትሪው ክዳን በጥፍር ብቻ የሚከፈት ከሆነ ያንን መኪና አይግዙት፤ በብሎን የሚዘጋ መሆን አለበት። ልጅ ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ ለማስመለስ አይሞክሩ፣ «ይወጣ ይሆናል» ብለውም አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው፣ ባትሪው የነበረበትን መጫወቻ ይዘው።

ካርቶኑ ላይ «0-3» የሚል ጽሑፍና የሕፃን ፊት ላይ የተሠመረ ቀይ መስመር ሲያዩ ደግሞ «የእኔ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ይችለዋል» አይበሉ። ምልክቱ ስለ ብልህነት አያወራም። ከሦስት ዓመት በታች ያለን ልጅ የሚያንቁ ትንንሽ ክፍሎች አሉት ማለት ነው። የማነቅ አደጋን ለመለካት ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት መሣሪያ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ነው። ቤት ውስጥ ያለቀ የሶፍት ጥቅል መሐል ያለው ካርቶን ከዚያ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ከመኪናው የተነቀለ ጎማ በዚያ ውስጥ ካለፈ ከሕፃኑ ይራቅ።

ልጅ ተቀምጦ የሚነዳው

በዚህ ዘመን ልደት ላይ የሚፈለገው ስጦታ ይኸው ሆኗል። ብዙ ገንዘብ የሚወጣበትም እሱ ነው፣ ብዙ ቅሬታ የሚሰማበትም እሱ። ውስጡ ያለው ባለ 6 ወይም ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከትልቁ መኪና ባትሪ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ባዶውን ተቀምጦ ከከረመ ይሞታል። መጋዘን ውስጥ ለብዙ ወራት የቆየ ባትሪም ስለዚህ ገና ሳይሸጥ ሊሞት ይችላል። ሱቁ ውስጥ ጎማውን አየር ላይ አንሥተው ሲያሽከረክሩልዎ አይደሰቱ፤ ያ ምንም አያሳይም። መሬት ላይ አስቀምጠው ወንበሩን በእጅዎ በኃይል እየተጫኑ ያስነዱት። ያኔ የደከመ ባትሪ ወዲያው ያንገራግራል።

ቤት ከገባ በኋላ ልጁ በፈተና ሰሞን ባይነዳውም በወር አንድ ጊዜ ቻርጅ ይደረግ። የቻርጅ ሰዓቱን መመሪያው ካለው አያሳልፉ። ሌላው የጎማው ነገር ነው፦ ጠንካራ ባዶ ፕላስቲክ የሆነ ጎማ ለሰቆችና ለሲሚንቶ ግቢ ነው የተሠራው። በየሰፈራችን ያለው ኮብልስቶን ግን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ እየዘለለ ሲሄድም ውስጥ ያሉትን ጥርሶች ይመታቸዋል። መንገድዎ ኮብልስቶን ከሆነ ላስቲክ የለበሰ ጎማ ያለውን ይጠይቁ።

ሽቦ፣ ቆርኪና ሸበጥ

መርካቶ ድረስ ከሄዱ ምናለሽ ተራን ለልጅዎ ያሳዩት። አሮጌ በርሜል ምድጃ ሲሆን፣ ቆርቆሮ ባልዲ ሲሆን፣ ምንም ነገር «አለቀ» የማይባልበት ሰፈር ነው። የድምፁ ብዛት ጆሮ ይደፍናል፤ ልጆች ግን ይወዱታል። በዚህ አገር ያደግን ብዙዎቻችን የመጀመሪያ መኪናችን የዚያ ሰፈር የሥጋ ዘመድ ነበር፦ አካሉ የዘይት ጣሳ ወይም የሽቦ፣ ጎማው የለስላሳ ቆርኪ ወይም ከአሮጌ ሸበጥ የተቆረጠ ክብ፣ መሪው እስከ ወገብ የሚደርስ ረጅም ሽቦ። የጣሳው ጠርዝ እጅ ይቆርጥ ነበር፤ ያንን አልናፍቅም። የምናፍቀው ሌላውን ነው። ያ መኪና ሲሰበር ማንም አላለቀሰም፤ የሠራው ልጅ ራሱ መካኒኩ ነበርና ከምሳ በፊት ጠግኖት ይነዳዋል። ዛሬም አንድ ዙር ሽቦ፣ የተሰበሰቡ ቆርኪዎችና አንድ ፒንሳ ይዘው ከልጅዎ ጋር ቢሞክሩ፣ ዘንግ ምን እንደሆነ፣ ጎማ ለምን ክብ መሆን እንዳለበት በጣቱ ይማራል። ቀጥሎ ሱቅ ሲወስዱት መኪናውን የሚገለብጠው እሱ ይሆናል።

ለመግዛት ሲወጡ

የበዓል ዋዜማ አይሂዱ። ያን ቀን ሻጩ ካርቶን ከፍቶ የሚያሳይበት ጊዜ የለውም፣ እርስዎም በግፊያ መካከል መስታወት ላይ መኪና አይገፉም። በሥራ ቀን ጠዋት፣ ሱቁ እንደተከፈተ ይሻላል። ከቤት ሁለት አዲስ የባትሪ ድንጋይና አንዲት ትንሽ ካቻቪቴ በቦርሳዎ ይያዙ፤ «ባትሪ የለንም ግን ይሠራል» የሚለው ጨዋታ በዚያው ያበቃል። መኪናውን እዚያው ያስነዱ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሳይሆን የሚወስዱትን ራሱን ያስሞክሩ፤ ሞክረውት ሲያበቁ «ማዘር፣ አዲሱን ልስጥዎት» ብሎ ያልተከፈተ ካርቶን ቢያቀብልዎ፣ የሞከሩትን ነው መያዝ ያለብዎት።

ደረሰኝ ይጠይቁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። መጫወቻም ዕቃ ነው። «የተሸጠ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፉ ጉድለት ላለበት ዕቃ መልስ አይሆንም። በተግባር ግን ከሕጉ ይልቅ የሚያገለግለው ከመክፈልዎ በፊት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ወንድሜ፣ ነገ ባይሠራ ትቀይርልኛለህ?» አዎ ያለውን ሱቅ ቁጥሩን ይያዙ። ሲያመነታ ካዩ ዕቃውን እሱ ከእርስዎ በላይ ያውቀዋል ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው ይሻገሩ፣ መርካቶ ሱቅ አያጣም።